ገገማ የማርከር ቀለም፦ አዳማ ላይ የሚሸጠውን ማጽጃ ሁሉ ሞክረነው

ቀጥታ ልግባ። ስቴሽነሪ ውስጥ «ዋይትቦርድ ክሊነር» እየተባለ በስፕሬይ ጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ ዋጋውን አያወጣም። አይሰራም አላልኩም፣ ይሰራል፣ ግን እሱ የሚያስለቅቀውን ቀለም ከፋርማሲ የሚገዛ ተራ አልኮልም ያስለቅቀዋል፣ አልኮል ያቃተውን ደሞ እሱም አቅቶታል፣ ታዲያ ለምን ብዬ ነው እጥፍ ድርብ የምከፍለው? ከአምስት ሁለት ኮከብ፣ እሱንም ሽታው ስለማያፍን ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። እኛ አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ቲቶሪያል እንሰጣለን፣ ክፍሎቹን የተከራየነው ከነወንበሩ ከነቦርዱ ነው፣ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች የአካውንቲንግ ስልጠና ሲሰጡ ነበርና ቦርዱን ሲለቁልን ዴቢት ክሬዲታቸውንም አብረው ለቀቁልን። ባይገርማችሁ ከኋላ ወንበር ይነበባል። በቀይ የተሰመረ ሰንጠረዥ፣ ከላይ «ባላንስ» የሚል ጽሁፍ፣ ጥጉ ላይ ደሞ አንዱ በፐርማነንት ማርከር የጻፈው የስብሰባ ሰዓት። የአንድ ተማሪ ኬሚስትሪ ኖት ሳይ የሞል ስሌቱ መሀል የቤት ኪራይ ወጪ ገብቷል፣ «ምንድነው ይሄ?» ስለው «ቲቸር ቦርዱ ላይ ስለነበረ ነው» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ። ልጁ እውነቱን ነው።

ስፕሬይ ምናምን ከማለታችን በፊት ግን አንድ ነገር፣ አልለቅ የሚለው ቀለም ሁሉ አንድ አይነት አይደለም፣ ይሄን ሳይለዩ ማጽጃ መግዛት ብር መበተን ነው። የዋይትቦርድ ማርከር ውስጥ ቀለሙ አለ፣ ቀለሙን የሚያሟሟው አልኮል አለ፣ ከዛ ደሞ ቅባትነት ያለው ነገር አለ። ስትጽፉ አልኮሉ ቶሎ ይተናል፣ ቀለሙ እዛ ቅባት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ ቦርዱን አይዘውም፣ ዳስተር ሲነካው እርግፍ የሚለው ለዛ ነው። ፐርማነንቱ ግን በቅባቱ ቦታ ሙጫ ነገር አለው፣ አልኮሉ ሲተን ሙጫው ቦርዱን ጨምድዶ ይደርቃል። በትክክለኛው ማርከር የተጻፈም ቢሆን ሳምንታት ከቆየ፣ በተለይ እንደኛ ክፍል ከሰዓት ፀሀይ ቀጥታ የሚያገኘው ከሆነ፣ ቅባቱ ይደርቅና ቀለሙ ይጣበቃል። የመጨረሻውና ክፉው ደሞ ቦርዱ ራሱ ላዩ ተፍቆ ቀለሙ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ለሱ የሚሆን ስፕሬይ የለም፣ አለ የሚላችሁ ነጋዴ ካለ ሱቁ ውስጥ ባለው አሮጌ ቦርድ ላይ ሞክሮ ያሳያችሁ።

ወደ ስፕሬዩ ልመለስ። የሸጠልኝ ልጅ በጣም ትሁት ነው፣ በሱ ቅሬታ የለኝም፣ «ብራዘር ይሄ ኦሪጅናሉ ነው፣ መስሪያ ቤቶች ሁሉ ይሄን ነው ሚወስዱት» አለኝ። ሰማያዊ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሁፍ አብዛኛው ቻይንኛ፣ ከምን እንደተሰራ የሚናገር ነገር የለም። መርጫው ደሞ ገና ከመጀመሪያው ይንጠባጠባል፣ ግማሹ ቦርዱ ላይ ግማሹ እጅጌ ላይ ነው የሚያልቀው። ትናንትና ከትናንት ወዲያ የተጻፈ ነገር ላይ አሪፍ ነው፣ ግን እሱንማ እርጥብ ጨርቅም ያነሳዋል እኮ! የሳምንት ጽሁፍ ላይ ረጭተህ ትንሽ ከቆየህ ይለቃል። አካውንቲንጉ ላይ ስንሞክረው ሰንጠረዡ ደብዘዝ አለ፣ «ባላንስ» የሚለው ግን ፍንክች አላለም፣ ፐርማነንቱማ ጭራሽ አልሰማም። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሲደርቅ የሚተወው ነገር ነው፣ ቦርዱ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል፣ በነጋታው ስትጽፍበት ማርከሩ ይንሸራተታል፣ መስመሩ እዚህ ይታያል እዛ አይታይም።

ጽዳት የሚሰሩልን እናት ስፕሬዩን ይዤ ስታገል በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው «ልጄ፣ መጀመሪያ ቆሻሻውን ሳታነሳ ምኑን ነው የምትረጭበት?» አሉኝ። «እማማ ይሄ እኮ የማርከር ቀለም ነው፣ በውሃ አይለቅም» ብላቸው መልስ ሳይሰጡኝ ለብ ያለ ውሃ በባልዲ፣ ጠብታ ላርጎ፣ ለስላሳ ስፖንጅ ይዘው መጡ። ውሃው ምን ሆኖ እንደወጣ ባያችሁ። ጥቁር። የዓመታት የእጅ ወዝና አቧራ ነው ከቀለሙ ላይ ተለጥፎ ማጽጃ ሁሉ እንዳይደርስበት ያደረገው። በላርጎ ብቻ ከሰንጠረዡ የሚበልጠው ሄደ፣ ስለዚህ የስራው ቅደም ተከተል ላይ ለሳቸው አምስት ኮከብ። ስፖንጁ አረንጓዴ ሻካራ ጀርባ ያለው ከሆነ ግን ያን ጀርባውን እንዳትነኩት፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ አልኮል ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ አልኮል ስትሉ የሚሰጧችሁ አብዛኛውን ጊዜ 70 ፐርሰንት ያለውን ነው፣ ቀሪው ውሃ ነው፣ ለቁስልና ለእጅ የተመረጠው እሱ ስለሆነ ነው። ለቀለም ግን ውሃው ባነሰ ቁጥር ይሻላል፣ 90 ምናምን የሚል ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ ካጣችሁ 70ውም ይበቃል፣ ትንሽ መድገም ነው። አዳማ ላይ ያለው ችግር ሙቀቱ ነው፣ ቦርዱን በሙሉ በአልኮል አርጥቤ ከዚህ ጫፍ እጠርጋለሁ ካላችሁ ጨርቁ ሳይደርስ ተኖ አልቋል፣ የተሟሟው ቀለምም ተመልሶ እዛው ይደርቃል። ስለዚህ የመዳፍ ስፋት የምታክል ቦታ በደንብ ማርጠብ፣ ትንሽ መጠበቅ፣ በንጹህ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዛ ጨርቁን ገልብጦ ወደሚቀጥለው። አንድ ጨርቅ ይዞ ቦርዱን ሁሉ ማዳረስ ማለት ቀይ ቀለምን ከዚህ ወደዛ ማጓጓዝ ነው፣ በመጨረሻ ሮዝ ቦርድ ይኖራችኋል። አሮጌ ቲሸርት ይበቃል፣ ማይክሮፋይበር ከሆነ ደሞ የበለጠ፣ እሱን ስቴሽነሪ አትፈልጉት፣ የጅቡቲ መንገድ መኪና ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት፣ የመኪና ማስዋቢያ የሚሸጡት ጋር ሞልቷል።

እባካችሁ መስኮት ክፈቱ። ክፍሉ አጠገብ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ደሞ ይውጣ፣ ንጹህ ኤታኖል ከ13 ዲግሪ ጀምሮ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፣ አዳማ ቀን ቀን ሁሌም ከዛ በላይ ናት።

ሳኒታይዘርስ? እሱንም ጠይቃችኋል ብዬ ነው። በ2012 መጋቢት ኮሮና ሲገባ በየቢሮው የተከማቸ ጀሪካን እስካሁን ያላቸው ሰዎች አሉ። ፈሳሹ አይነት በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የተሰራ ከሆነ ኤታኖሉ 80 ፐርሰንት ነው፣ ከፋርማሲው አልኮል ይበልጣል ማለት ነው፣ ግን ውስጡ እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን አለው፣ ቀለሙን አንስቶ በምትኩ ቅባት ይተዋል። ከጠረጋችሁ በኋላ በላርጎ ውሃ አንዴ ካጠባችሁት ምንም አይልም። ጄሉን ግን ተዉት፣ ልጋጉ ቦርዱ ላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል።

አሁን ፐርማነንቱ። እዚህ ላይ አሸናፊው ስፕሬይም አልኮልም ሳይሆን ራሱ የዋይትቦርድ ማርከር ነው፣ ያውም ብር የማይጠይቅ። በፐርማነንት የተጻፈውን ከላይ ከላዩ በጥቁር የዋይትቦርድ ማርከር ድገሙት፣ ደህና አድርጋችሁ ሸፍኑት፣ ሳይደርቅ ጥረጉት። አዲሱ ማርከር ውስጥ ያለው አልኮል የድሮውን ሙጫ ያላላዋል፣ ቅባቱ ደሞ እንዳይመለስ ያደርገዋል፣ ሁለቱም ተያይዘው ይነሳሉ። የስብሰባ ሰዓቱ በዚህ ነው የሄደው። የፊዚክሱ ልጅ «ማጂክ ነው እንዴ» አለ፣ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው እንደዛ ማለቱ ራሱ አስቂኝ ነው። ማርከሩ ግን ትኩስ መሆን አለበት፣ የደረቀና የሚያፏጭ ማርከር አልኮሉ ስላለቀ ምንም አያደርግም። «ባላንስ» የሚለውም ሁለት ሶስቴ ስንደጋግመው አብዛኛው ለቀቀ፣ የቀረውን በኋላ እነግራችኋለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ከሪፊል ነው። ማርከር ተወደደ ተብሎ አሁን ሁሉም በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቀለም ገዝቶ አሮጌውን ማርከር ይሞላዋል፣ ጥሩ ነው፣ እኛም እንደዛ ነው የምናደርገው፣ ግን የፐርማነንቱና የዋይትቦርዱ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው፣ መልኩም አንድ፣ ከላዩ «ኢንክ» ይላል በቃ። ማርከሩ ላይ ዋይትቦርድ ተጽፎ ውስጡ ፐርማነንት የሆነ ስንቱ አስተማሪ እጅ ላይ አለ። በማሽተት አይለይም፣ ብዙዎቹ ሁለቱም አልኮል አልኮል ነው የሚሸቱት። እዛው ሱቅ ውስጥ የሱቁን መስታወት ወይ የላስቲክ ፋይል ሽፋን ላይ ትንሽ ጫር አድርጉ፣ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ በደረቅ ጣት እሹት። ብን ካለ ግዙ፣ ካልሄደ ጠርሙሱን መልሱ። አቦ ባለሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም ያጥቁር።

ሰው የሚመክራችሁ ነገር አያልቅም፣ ከሰማሁት ውስጥ የሚከፋው ኮልጌት ነው። «በኮልጌት እሸው፣ ልቅቅ ነው የሚለው» ይላሉ፣ እውነት ነው ይለቃል፣ ግን የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ ወይ ሲሊካ ዱቄት ነው፣ ቀለሙን የሚያነሳው ፍቆ ነው፣ ከቀለሙ ጋር የቦርዱን ልስላሴም ይዞ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት የተጻፈው ነገር እዛው ጭረት ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ኮልጌት፣ እንደገና ጭረት፣ በቃ በራሳችሁ እጅ ቦርዱን ጥቁር ሰሌዳ ታደርጉታላችሁ። አጃክስ ዱቄት፣ ሽቦ፣ የስፖንጁ አረንጓዴ ጀርባ፣ ሁሉም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ምድር ቤት ያለው ጋራዥ ልጆች ቲነር እንሰጥሃለን ብለውኝ ነበር፣ ይመቻቸው፣ ግን ቲነር ቀለም የተቀባ ቦርድ ቀለሙን ራሱን ነው የሚያነሳው። አሴቶንም፣ ማለትም የኩቲክስ ማስለቀቂያው፣ እንደዛው፣ ቀለም ላይ ኃይለኛ ነው ግን የርካሹን ቦርድ ፊት ያላላዋል፣ ያደበዝዘዋል። በረኪና ደሞ ምንም አይሰራም፣ ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል ደሞ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል፣ አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳታገናኟቸው።

ደብሊው ዲ ፎርቲ፣ ማለትም ጋራዦች የዛገ ነገር የሚያላቅቁበት ስፕሬይ፣ እሱ ላይ ግን ፍርዴ ለዘብ ያለ ነው። ጋራዦቹ ያን አምጥተው ጭርር አደረጉልን፣ ቀለሙን በትክክል ነው ያነሳው፣ ከስፕሬዩ በእጥፍ ይሻላል። ችግሩ ዘይት ነው። ከዛ በኋላ ቦርዱን በላርጎ ሁለት ጊዜ ካላጠባችሁት ማርከር አይጽፍበትም፣ ሽታውም ክፍሉን እስከ ማታ ጋራዥ ያደርገዋል፣ አንዷ ተማሪ ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች። ቤታችሁ ካለ ለትንሽ ቦታ ተጠቀሙ፣ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ።

አቧራውን ካላነሳሁ የአዳማን ነገር አልተናገርኩም። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች እዛ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም፣ ያ ነፋስ አቧራውን ይዞ በመስኮት ይገባል፣ ዳስተሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጠዋት ስትጠርግበት ብርጭቆ ወረቀት ይዘህ እያሸህ ነው ማለት ነው። ዳስተሩን ውጪ ግድግዳ ላይ መምታት ግማሽ መፍትሄ ነው፣ የሚታጠብ ከሆነ እጠቡት፣ የማይታጠብ ከሆነ ጣሉትና በጨርቅ ተኩት። እኛ ዳስተር ትተን በጨርቅ ብቻ ነው አሁን የምንሰራው፣ እማማ በየሳምንቱ ያጥቡታል።

እና «ባላንስ» ምን ሆነ? አልለቀቀም። ማለቴ ጥላው አለ፣ ጎንበስ ብላችሁ በጎን ካያችሁት ይታያል፣ በምንም ነገር አልሄደም፣ ምክንያቱም እዛ ቦታ ላይ ቦርዱ ራሱ አልቋል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ግምገማዬ። አዳማም ሆነ አዲስ አበባ በብዛት የሚሸጠው ርካሹ ቦርድ ሜላሚን ነው፣ እንጨት ነገር ላይ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክነት ያለው ሽፋን፣ አዲስ ሲሆን ያብለጨልጫል፣ በየቀኑ ከተጻፈበት ግን ቶሎ ይሟጠጣል፣ ከዛ ቀለም መጠጣት ይጀምራል። ከሱ ከፍ የሚለው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ኢናሜል የሚባለው፣ ብረት ላይ ብርጭቆ በ800 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ የተጋገረበት ነው፣ እንደ ድሮው የኢናሜል ሳህን በሉት፣ ቀለም የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፣ አምራቾቹ 25 ዓመትና ከዛ በላይ ዋስትና የሚሰጡበት እሱ ነው። ሱቅ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ ሜላሚን ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ስም ቢሰጠው። ከያዘ ብረት አለው፣ ግን የተቀባ ይሁን ኢናሜል ማግኔቱ አይነግራችሁም፣ ዋጋውና ክብደቱ ነው የሚናገረው።

ያለቀ ሜላሚን ላይ የመኪና ዋክስ መቀባት ይቻላል፣ እኛም አንዱን ቦርድ እንደዛ አድርገነዋል፣ ቀዳዳዎቹን ይሞላቸዋል፣ ለተወሰነ ጊዜ እንደ አዲስ ይጠረጋል፣ ከዛ ያልቅና እንደገና። ማስታመም ነው በአጭሩ።

የባሰውን ቦርድ ግን አውርደን በቦታው መስታወት አሰቀልን፣ ከዚህ ሁሉ ግዢ አምስት ኮከብ የምሰጠው ለሱ ነው። አዳማ ላይ አልሙኒየምና መስታወት ቤት የሌለበት ሰፈር የለም፣ ልኬቱን ይዛችሁ ስትሄዱ ይቆርጡላችኋል፣ ጀርባው ነጭ ተቀብቶ ግድግዳው ላይ ይታሰራል። ባለሙያው መጀመሪያ ስስ መስታወት ሊሰጠኝ ነበር፣ «ልጆች ያሉበት ነው ወንድሜ» ስለው ራሱ 6 ሚሊ ይሁን አለ፣ ጠርዙንም ሞርዶ አለስልሶ ነው ያመጣው፣ አቅም ካላችሁ ቴምፐርድ እዘዙ፣ ቢሰበር እንኳ ስለት ሆኖ አይወርድም። ማጓጓዙ ላይ ብቻ ተከራክረናል፣ ባጃጅ ላይ ልጭነው ሲለኝ እምቢ አልኩ፣ በፒክአፕ መጣ፣ የፒክአፑን እኔ ከፈልኩ። ዋጋው ከርካሹ ቦርድ በደንብ ይበልጣል፣ ግን ቀለም የሚባል ነገር አይይዝም፣ ፐርማነንት ራሱ በአልኮል በአንድ ጥራጊ ይሄዳል፣ አሴቶንም ቲነርም የፊቱን መስታወት ምንም አያደርጉትም፣ ከጀርባ ያለው ቀለም ላይ እንዳይፈስ ብቻ።

ሁለት እንከን አለው። ከመስኮት ትይዩ ከሰቀላችሁት ያንጸባርቃል፣ የግራ ረድፍ ተማሪዎች ከሰዓት ምንም አይታየንም ብለው መጋረጃ አስገዝተውናል። ሁለተኛ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ማርከር መስታወት ላይ ጭራሽ አይነበብም፣ አረንጓዴውም ከኋላ ደከም ይላል፣ ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ ግዙ።